በሀዳ ሙርሺድ ስም የተገኘው ልኬት

እልል በሉ! ሰባቱም ቀሚስ ልክክ አለ! አንዱ እንኳ አልጠበበ፣ አንዱ እንኳ አልሰፋ። የማን እጅ ነው አትሉም? የባህሪያ ነዋ፣ የጊንጆ ሰፈሯ ልብስ ሰፊ!

ባህሪያ ሃያ ሁለት ዓመት የደንበኞቿን ልኬት በደብተር ስትይዝ ኖራ፣ ዘንድሮ ነው ወደ ኢንተርኔት ያዛወረችው። ሮሆቦት የምትባል የኮሌጅ መምህርት ለልብስ ሰፊዎች ያዘጋጀችው አገልግሎት ነው። በየወሩ ትንሽ ይከፈልበታል እንጂ ስልክ ላይ የሚጫን ነገር የለውም፤ ገብቶ መሥራት ብቻ፤ ልኬቱ የሚቀመጠው «ደመና» በሚሉት ላይ ነው። የባህሪያ ባል አብዱልሃዲ ግን አልዋጥለት ብሎ፣ «የሰው ወገብ ሰማይ ላይ ሰቅለሽ፣ ዝናብ ቢመጣስ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሐሙስ አሰንዳቦ ለሠርግ ልብስ ተጠራች። ጨርቁ የደረሰው ያን ዕለት፣ ሠርጉ እሑድ! ከረመዳን በፊት የለካቻቸው ሚዜዎች ደግሞ በየከተማው ተበትነዋል፤ የሚመጡት በዋዜማው ነው። ከሚኒባስ ስትወርድ ስልኳ ከእጇ አመለጠ፤ አንድ አይሱዙ መጣና ድፍጥጥ!

የሙሽራዋ እናት ፊርዶስ ራሷን ያዘች። «ወይኔ ልጄን! ልኬቱም አብሮ ሄደ!»

«የሄደው ስልኩ ነው፤ ልኬቱ መች እሱ ውስጥ ነበርና? አምጪው ያንቺን!»

በፊርዶስ ስልክ የሚስጥር ቃሏን አስገባች፤ ተከፈተ። የአንዷን ሚዜ ስም «ሩፈይዳ» ብላ ፈለገች፤ የለም። የሌላዋን ሚዜ ስም ጻፈች፤ የለም።

«ጉድ ፈላ!» አለች ፊርዶስ።

ባህሪያ ግን ከት ብላ ሳቀች። ለካ ደብተሩን ስትገለብጥ እንደ ልማዷ ነው የጻፈችው! እሷ እቴ፣ ልጅን በስሟ መዝግባ አታውቅም፤ በእናቷ ነው፣ እናቷን ደግሞ በበኩር ልጇ።

«የሩፈይዳ ታላቅ ወንድም ማን ነበር?»

«ሙርሺድ።»

«ሀዳ ሙርሺድ» ብላ ጻፈች፣ በኦሮምኛ የሙርሺድ እናት ማለቷ ነው። ከእናቲቱ ልኬት ሥር «ሴት ልጇ» ተብሎ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት ዝርግፍ አለ!

«አልሃምዱሊላህ! በይ የስድስቱንም የቤታቸውን በኩር ጥሪልኝ!»

ፊርዶስ እየጠራች፣ ባህሪያ እየቆረጠች፣ የስፌት መኪናው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንጎራጉር ዋለ። እሑድ ሰባቱ ሚዜ ተሰልፈው ሲወጡ ዳሱ በእልልታ ተናወጠ፤ አብዱልሃዲም ያገኘውን ሁሉ እጁን እየጎተተ፣ «አየህ? ሚስቴ ናት የሰፋችው!» ይል ነበር።

እኔ ግን ከዚህ በላይ ቁጭ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ እታገኝ ዛሬም በደብተር ነው የምትሠራው፤ ሱቋን ሳትዘጋ ልሩጥና ልንገራት!