ብርነሽ የያዘችው ግጥም

ልጅ እያለሁ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም ነበር። እናቴ «ይቺን ልጅ ምን እንደሚያቁነጠንጣት እንጃ!» እያለች ታማርራለች። ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከወዲህ ወዲያ ስንቀሳቀስ ጎረቤቶቼ ቀለም ይደፋባቸዋል። መልስ የምመልሰው ጥያቄው ሳያልቅ ነበር። የሐሙስ ጠዋት ሲመጣማ ይብስብኛል፤ ሐሙስ የቴሌቪዥን ቀን ነዋ።

ኮልፌ ውስጥ ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ሰው እኔ አላውቅም። የኛ ትምህርት ቤት ቴሌቪዥን አዳራሹ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ተቀምጦ ነበር። ቁልፉ ከዳይሬክተሩ ኪስ አይወጣም። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ይሸፈናሉ፣ ወለሉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ዝናብ የመታው ሹራባችን ደግሞ እንፋሎት ያወጣል። ሣጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ በረዶ የመሰለ ነገር ይንጫጫል፤ ከዚያ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ይመጣል። የመጀመሪያ ቀን ሁላችንም ብድግ ብለን «እንደምን አደሩ!» አልነው። የሚያየን መስሎን ነበር። ጥያቄ ሲጠይቅ እኔ እጄን አወጣለሁ፤ አልፎኝ ሲሄድ እናደዳለሁ።

ሰውዬው ተረትና ግጥም ነበር የሚያስተምረን። ተረቱን ሲያወራ ከኋላው የተሳሉ ሥዕሎች ይለዋወጣሉ፤ ግጥሙን ሲል ግን ፊቱ ብቻ ይቀርና በቀስታ፣ ከንፈሩን እያሳየ ይላል። አንድ ሐሙስ እንዲህ የሚል ጀመረ፦

አንቺ የወንዝ ዳር ወፍ፣ ዝናብ ያንገላታሽ፣
ጎጆሽ ሲፈርስብሽ ማነው የሚያስጠጋሽ?

አስተማሪያችን ወይዘሪት ሙሉ ግጥሙን አሳምሮ የያዘ ልጅ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ እንደሚወጣ ነገረችን። እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም።

ብርነሽ የምትባል ልጅ ከፊቴ ትቀመጥ ነበር። ከጉራጌ አገር አጎቷ ዘንድ ከመጣች ገና ጥቂት ወሯ ነው፤ አጎቷ ኮልፌ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ። አማርኛ ገና አልቀናትም፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። አንድ ቀን ወይዘሪት ሙሉን «አንተ ጠራኸኝ?» ብላ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በዚያው «አንተዬ» የሚል ስም አወጣሁላት። ስሙ በእረፍት ሰዓት ግቢውን ሞላው። ከዚያ በኋላ ብርነሽ ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሳያት፣ ዓይኗን ከሰውዬው ላይ ሳትነቅል ከንፈሯ አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ፈተናው ሲደርስ እኔ ቀድሜ ወጣሁና ግጥሙን እንደ ጥይት ተኮስኩት። «መስመር ዘለልሽ፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለችኝ ወይዘሪት ሙሉ። ከዚያ ብርነሽ ሳትጠራ ተነሣች። «አንቺ» ብላ ጀመረች፤ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ በሚያርፍበት አረፈች፣ እሱ ድምፁን በሚያወርድበት አወረደች። ያን ቀን የሣቀ አልነበረም። የምትወጣው እሷ ሆነች።

ያ ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። እህል አልወርድ አለኝ፤ እናቴ ኮሶ ነው ብላ መድኃኒት ልታጠጣኝ ነበር።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የብርነሽ አጎት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ብርነሽ መድረኩ ላይ ቆመች፣ ትንፋሽ ወሰደች። እኔ ከመድረኩ ሥር ነበርኩ። ምን እንደነካኝ ዛሬም አላውቅም፤ ቀስ ብዬ «አንተዬ» አልኩ። አጠገቤ ያሉት ፍርፍር ብለው ሣቁ።

«አንተ...» አለችና ቆመች።

ደግማ ልትጀምር ከንፈሯን አላወሰች፤ ድምፅ አልወጣም። አጎቷ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏት፣ በለሆሳስ። ቃሉ አልገባኝም፤ አይዞሽ ማለታቸው ግን ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። ብርነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወረደች። ወይዘሪት ሙሉ ደንግጣ ዞር ዞር አለችና እኔን አየችኝ። «ነይ፣ አንቺ በይው» አለች። ወጥቼ አልኩት። አጨበጨቡልኝ። እናቴ እልል አለች። እጆቼን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ቀሚሴን ስጎትት ስፌቱ ተተረተረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ብርነሽ ትምህርት ቤት አልመጣችም። አንድ ሐሙስ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ሰውዬው ሌላ ተረት ሲጀምር ወንበሩ እሳት ሆነብኝ። ቅዳሜ እናቴ በርበሬ ግዢ ስትለኝ ሮጬ ቅቤ ተራ ሄድኩ። ብርነሽ የቅቤ መጠቅለያ ኮባ ቅጠል እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። አንዲት ፊደል አልሳተችም።

ይቅርታ ልላት ነበር የሄድኩት። ግን «ትምህርት ቤት ለምን ቀረሽ?» አልኳት።

ቅጠሉን አስቀመጠችና «ሦስተኛውን መስመር ዘለልሽው» አለች፤ «ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልሽ ደጅ ቆሜ ሰማሁ።» ከዚያ እዚያው፣ ቅቤ ሻጮቹ መሐል፣ ቀስ ብላ አለችልኝ፦

ነይ ከኛ ጣራ ሥር፣ ክንፍሽን አድርቂ፣
እንግዳ ነኝ ብለሽ ከቶ እንዳትርቂ።

አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ሚዛናቸውን ትተው «እሰይ!» አሉ። እኔ ያለ በርበሬ ወደ ቤት ሄድኩ። በክረምቱ አጎቷ ሱቃቸውን ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ ብርነሽን አላየኋትም።

አሁን የልጅ ልጄ ግጥምና ተረት የምትማረው በስልክ ቪዲዮ ነው። ካልገባት ታቆመዋለች፣ ወደኋላ መልሳ አሥር ጊዜ ትሰማዋለች። የኛ ሰውዬ አንዴ ብሎ ካለፈ አለፈ ነበር። ባለፈው ቪዲዮው ላይ አንድ ሕፃን ቃል ተሳስቶ ስትሥቅበት ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። ደነገጠች። ስለ ብርነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያወራሁት ያኔ ነው።

ሰምታኝ ስትጨርስ «ታዲያ እንፈልጋት!» ብላ ስልኩን አነሣች። በዚህ ዘመን ሰው አይጠፋም አለችኝ፤ ስሙን መጻፍ ብቻ ነው። ብርነሽ ብላ ጻፈች። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ብርነሾች መጡ።

«የአባቷ ስም ማነው፣ አያቴ?» አለችኝ፣ ጣቷን ፊደሉ ላይ እንዳደረገች።

ጠይቄያት አላውቅም።