ዓርብ ቀን ከኮከብ የመጡ እንግዶች

ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ከሌላ ኮከብ የመጡ ፍጥረቶችን እዚያው ላስታ፣ ከሰፈራችን በላይ ባለው አሸተን ተራራ ላይ አሳርፌያለሁ። ቀልዴን አይደለም። በዚያ በደርግ ዘመን ደብተራችንን የምንለብደው ከሞስኮ በሚመጣ ባለቀለም መጽሔት ነበር፤ መቼም እናንተም ሳትለብዱ አልቀራችሁም። ያ የሚያንሸራትት ወረቀት ጋዝ ጋዝ የሚል ሽታ ነበረው፣ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የእኔ ደብተር ላይ የጠፈር ተጓዥ ነበር። እሱን ሳይ ሳይ፣ እኛ ወደዚያ ከሄድን እነሱስ ወደዚህ ቢመጡ ብዬ አሰብኩና ጻፍኩት።

ፍጥረቶቼ ረጃጅሞች፣ ባለ ሦስት ዓይንና ከሰው ይልቅ አዋቂዎች ነበሩ። የሳይንስ አስተማሪያችን አንብቦ ሳቀና፣ ለወላጆች በዓል መድረክ ላይ ታነቢዋለሽ አለኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የቀረው የአባባ ፈቃድ ብቻ ነበር። አባባ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነበሩ፤ እሳቸው እምቢ ካሉ አለቀ።

ሳነብላቸው፣ ሌላ ፍጥረት አለ በማለቴ ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ እሱንስ እግዚአብሔር ምን ይሳነዋል ብለው አለፉት። ሦስቱንም ዓይን አለፉት። እንግዶቹ ዓርብ ቀን አርፈው ዶሮ ወጥ የበሉበት ላይ ስደርስ ግን እጃቸውን አነሱ።

"በጾም ቀን? ይኼንንማ በሰው ፊት አታነቢም።"

ጉድ ፈላ። የጻፍኩት ዓርብ ስለነበር ዓርብ አልኩ፤ ለእንግዳ ደግሞ ዶሮ ነው ብዬ ዶሮ አቀረብኩ፤ ጾሙ ትዝም አላለኝ። ለምኜ ለምኜ፣ ዶሮውን በሽሮ ለውጬ ተፈቀደልኝ።

በበዓሉ ቀን የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ሞልቶ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሽሮው ላይ ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከፊት ተነሡ። ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ ለመጣ እንግዳ ሽሮ? ላስታን እንዲህ ያዋረደው የማን ቤት ነው? ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ በሙሉ ደገፏቸው። ዶሮ ብል አባባ፣ ሽሮ ብል እትዬ ብርቄ። ወረቀቴን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፣ እንባዬም መጣ። አስተማሪው ሊያወርደኝ ሲመጣ አባባ ከኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። በቃ ሊያስቆሙኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ሽሮው የዓርብ ነው" አሉ። "እንግዶቹ ለአንድ ምሳ ብለው ያን ያህል መንገድ አልመጡም፤ ያድራሉ። ዶሮው ቅዳሜ ይታረዳል። ቀጥይ ልጄ።"

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። እትዬ ብርቄም፣ እንግዲያው የሚያድሩት እኔ ቤት ነው ብለው ተቀመጡ። የቀረውን እየሳቅሁም እያለቀስኩም አነበብኩት።

ዛሬ ልጆቼ በስልካቸው እንዲህ ያለ ፊልም ያያሉ። እንግዳው ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ይተኩሱበታል። ኧረ ግቡ የሚላቸው ሰው እንኳ የለም ወይ ስል ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን አባባ ይናፍቁኛል። ከዚያ በዓል በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገና ጋቢያቸውን ሳያስቀምጡ፣ ቅዳሜስ ምን ሆኑ? ይሉኝ ነበር። እኔም ለእሳቸው ብዬ ያችን አንዲት ቅዳሜ ዓመቱን ሙሉ ጻፍኳት።