አንድ መደብ ጎመን

ድንቄም እንግዳ ተቀባይ! ትናንት ጎረቤታችን አስማረ እቤቴ ተንሰራፍቶ ተቀምጦ፣ ከሰቆጣ ለመጣው አዲስ አስተማሪ "እኛ የወይራ ጉድባ ሰዎች እኮ እንግዳ ተቀባይ ነን፤ ነጭ እንኳ ሳይቀር ተቀብለን፣ ጎጆ ቀልሰን፣ መሬት ሰጥተን አኑረናል" ሲለው የተጎነጨሁት ጠላ ትን ሊለኝ ነበር። አኑረናል ይላል እኮ! ባሌ ቄስ ገብረ አምላክም ጢማቸውን እያሻሹ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" ይላሉ። እኔ አመተ ሥላሴ በዚህ መንደር ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ ስድስት ወልጄ አርጅቻለሁ። ማን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አውቃለሁ። የራሴንም አውቃለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው።

ነጩ የመጣው ጣሊያን በተባረረ በዓመቱ ነው። እንግሊዞች የቀረውን ጣሊያን እየለቀሙ በካምዮን ጭነው ወደ አገሩ ሲሰዱ፣ ይኼኛው ከኮረም መንገድ ሥራ ጠፍቶ፣ ተራራ ለተራራ ሲንከራተት ቆይቶ ጥሩሐረግ ደጅ ወደቀ። ጥሩሐረግ ከእኔ ቤት ዝቅ ብላ ከወንዙ አፋፍ የምትኖር፣ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። ባሏን የገደለው ጣሊያን፤ ደጇ የወደቀው ጣሊያን። እኔ ብሆን በዘነዘና ነበር አናቱን የምለው። እሷ ግን አጥሚት ሠርታ ሰጠችው። "እንዴት አስቻለሽ አንቺ?" ብላት "ርቦት ነበራ እትዬ" አለችኝ። ኤዲያ! እንዲህ ያለ ለስላሳ ሆድ ሲያስጠላኝ!

መንደሩ መጀመሪያ ሊገድለው ነበር የተሰበሰበው። ጭቃ ሹሙ ደሴ ጠመንጃውን ወልውሎ ከፊት ከፊት መጣ። ደሴ ማለት ጣሊያን ሲገባ ዋሻ ገብቶ፣ ጣሊያን ሲወጣ ከዋሻ የወጣ ጀግና ነው። ጠመንጃውን ነጩ ላይ ደግኖ ምላጩን ቢስበው እንቢ አለ፤ ለካ ተሰብሯል። ነጩ እጁን ዘርግቶ "አምጣው" የሚል ምልክት አሳየው። ደሴ ግራ ገብቶት ሰጠው እላችኋለሁ! ነጩ ተቀምጦ ፈታታው፣ ጠገነው፣ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ የደሴ ወዳጅ ሆነ። ሌላውም በማግስቱ ማጭዱን፣ ማረሻውን፣ የተሰነጠቀ ድስቱን ሳይቀር ተሸክሞ ሲመጣ መግደሉ ተረሳ።

ከዚያማ መርዳት ተጀመረ። የእኛ ሰው ሲረዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎጆ ሊቀልሱለት ሃያ ሰው ወጣ። ሃያው ሰው የጥሩሐረግን አንድ ጋን ጠላ ጨርሶ፣ ግድግዳው እወገብ ሲደርስ "የቀረውን ነገ" ብሎ ሄደ። ነገ የተባለው ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም። የቀረውን ግድግዳም ጣራውንም ነጩ ለብቻው ጨረሰው። "ጎጆ ቀለስንለት" የሚሉት ያንን ነው። "መሬት ሰጠነው" የሚሉትም ከወንዙ ዳር ያለችውን፣ ፍየል እንኳ ንቃት የምታልፈውን ድንጋያማ ቁራሽ ነው። እሱ ድንጋዩን ለቅሞ አወጣ፣ ከየበረቱ ፍግ እየለመነ ተሸከመ፣ ከወንዙ ቦይ ስቦ አትክልት ተከለባት።

ምክሩስ ቢሆን! አስማረ በየማለዳው አጥሩ ላይ ተደግፎ ያዘዋል። "ቲማቲሙን እንዲህ አታራርቀው፤ አስጠጋጋው፣ ብርድ አይመታውም" ይላል። ቲማቲም በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው! ነጩ "እሺ አያ አስማረ" ይልና፣ አስማረ ዞር ሲል እንደ ራሱ ይተክላል። አንድ ቀን ነጩና ጥሩሐረግ ገበያ ወርደው ሳለ ጎረቤቶቹ "እናግዘው" ብለው ገቡ። ካሮቱን አረም ነው ብለው ከሥሩ ነቅለው ለአህያ አበሉት። ሲመለስ ተሰልፈው ቆመው "አረምንልህ!" አሉት። ምን ቢል ጥሩ ነው? ባዶውን መሬት ትንሽ አየና "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ያን ጊዜ ጠላሁት። ሰው ቢያንስ እንዴት አይቆጣም?

ከጥሩሐረግ ጋር ለመኖር መጠመቅ አለብህ ተባለ፤ ተጠመቀ። ባሌ ገብረ አማኑኤል ብለው ስም አወጡለት። ከፊቱ ገብረ አማኑኤል፣ ከኋላው ነጩ ነው የምንለው። አማርኛና የአገራችንን ኽምጣኛ እየደባለቀ ሲናገር፣ ቅጠል በጥሬው እንደ በግ ሲበላ እያየሁ ለጎረቤት የማወራው አላጣም ነበር። "ቅጠል አመንዣኪው ክርስቲያን" የሚለውን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ መንደሩ ሁሉ ተቀብሎኝ ሲስቅበት ከረመ። በፍልሰታ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን ይዞ "ለአባ ለጾማቸው" ብሎ እቤቴ መጣ። ሰው እያየ ለፍየሌ ወረወርኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ከፍየሏ አፍ ቀምቼ ቀቀልኩት። ባሌ ጣታቸውን እየላሱ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። "የዱር ቅጠል ነው" አልኳቸው።

እንዲህ እየናቅሁት እግሬ ግን ወደዚያው ነበር የሚሄደው። ውሃ ስወርድ መንገዴ በአጥሩ በኩል ነው። ያ ጎመን ቅጠሉ ቅጠሉን እያቀፈ ሲጠቀለል ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። አንድ ቀን ነጩ አየኝ። ከአጥሩ ጥግ፣ ከግራዋው ሥር ያለችውን ትንሽ መደብ አሳየኝና "ይቺ የእርስዎ ናት፣ እትዬ። ለማንም አልናገርም" አለኝ። አሥራ ሁለት ችግኝ ተተክሎባታል። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስወርድ ጎንበስ ብዬ እኮተኩታለሁ፣ እቤቴ ስመለስ ነጩን እሰድባለሁ። እንዲህ ያለሁ ሴት ነኝ።

የበዓላችንን ነገር የማያውቅ ካለ ልንገረው። ገብሱ ራስ ካወጣ በኋላ መንደሩ በረዶ ይፈራል። በረዶ የሚወርደው ደግሞ አንድ ሰው በዓል ሲሽር ነው። ስለዚህ ሁሉም ቃል ይገባል፣ ካህኑ ይገዝታሉ፤ በበዓል ቀን ማረስ የለም፣ መኮትኮት የለም፣ አትክልት ማጠጣት የለም። በዓል ሽሮ በረዶ ያስወረደ ከመንደር ይወጣል። ነጩ ይኼን ከማናችንም አጥብቆ ጠበቀ። ወደ አገሩ መመለስ አልፈለገም፤ ሌላ የሚሄድበትም አልነበረውም። "እዚህ ካልሆንኩ የትም የለሁም" ይል ነበር። ጥሩሐረግም ከስንት ዘመን በኋላ አርግዛለች። ከዚህ መንደር መውጣት ለእነሱ ሞት ነበር።

በመጣ በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ዝናቡ ቶሎ ቆረጠ። ቅዳሜ በዓል፣ እሑድ በዓል፣ ሰኞ ደግሞ ሃያ አንድ፣ ማርያም። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ የለም ማለት ነው። ነጩ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፍኖ፣ እጁን አጣምሮ ጎመኑ ሲጠወልግ ያያል። ሰኞ ዕለት እሱም ጥሩሐረግም ከሕዝቡ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ለእንግዳ የሚጠጣ ውሃ ጎድሎብኝ ወደ ወንዙ ወረድኩ። በአጥሩ በኩል ሳልፍ የእኔዎቹ አሥራ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። እንስራዬን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ቀድቼ ገለበጥኩላቸው። የቄስ ሚስት! ማርያምን አላሰብኩ፣ ገብሱን አላሰብኩ። ጎመኔን ብቻ ነበር ያሰብኩት።

አመሻሹ ላይ አስማረ ከበዓሉ ሲመለስ እንደ ልማዱ በአጥሩ አጮለቀ። ሌላው መደብ ሁሉ ደርቆ አንዷ ብቻ እርጥብ ናት። ቤት ለቤት እየዞረ "ነጩ በማርያም አጠጥቷል!" እያለ ለፈፈ። ያች መደብ የማን እንደሆነች እሱ ከየት ይወቅ! በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ በረዶውም ወረደ። ሲያባራ ገብሳችን መሬት ላይ ተኝቶ ቀረ። ሴቶቹ ማሳው ውስጥ ቆመው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ የማለቅሰው ግን ለገብሱ አልነበረም፣ ፈርቼ ነው።

ረቡዕ ጠዋት መንደሩ በማርያም ደጅ ተሰበሰበ። ደሴ ያንኑ ነጩ የጠገነለትን ጠመንጃ ተደግፎ "ያጠጣኸው አንተ ነህ?" አለው።

"አልነካሁም። በዓሉን አክብሬያለሁ" አለ ነጩ።

ጥሩሐረግ ቀኑን ሙሉ አብረው እንደነበሩ ተናገረች። አስማረ "ታዲያ ውሃው በእግሩ መጣ?" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሴ ትንሽ አሰላሰለና "እንግዲያው ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየወጣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ይማል። ያልማለው እሱ ነው" ብሎ ፈረደ። ያን በር ይዞ በሐሰት የማለ ሰው ልጆቹ አይበረክቱለትም፤ ይኼን የማያውቅ የለም። ባሌ ጥምጥማቸውን አስተካክለው "ከእኔ ቤት ይጀመር። ካህን አይምልም፤ ባለቤቴ ትምልልኛለች" አሉ። ንጹሕነታቸውን ሲያሳዩ ደስ ይላቸዋል።

ተነሣሁ። እስከ በሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እውነቱን ልትናገር ነበር ብላችሁ እንዳታስቡልኝ። ልምል ነበር፤ የስድስት ልጆች እናት፣ በሐሰት። በሩን ልይዝ ስል ከኋላዬ "ይተዉ፣ እትዬ" የሚል ሰማሁ።

ዞር ስል ነጩ ቆሟል። "እሳቸው አይማሉ። ማንም አይማል። ያጠጣሁት እኔ ነኝ" አለ።

"አሁን አልነካሁም አላልክም እንዴ?" አለው ደሴ።

"ዋሸሁ።"

ጥሩሐረግ ዞራ እሱን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። መደቧን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ልትናገር አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝ አደረጋት። ተራው የእኔ ነበር። "ሐሰት ነው፣ እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ባሌን አየኋቸው፣ ሕዝቡን አየሁት፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጡ ተባለ። እንግዳ ተቀባዮቹን ማየት ያን ቀን ነበር! ያ ሃያ ሰው እንደገና ወጣ። ጎጆ ለመቀለስ የደከመው ክንድ ሁሉ በረታ። አንዱ ዕቃ ያወጣል፣ አንዱ ይቋጥራል፣ አንዱ አህያዋን ይይዛል። አስማረ የጭነቱን ገመድ እያጠበቀ "በታች በኩል ሂድ፣ ጥላ አለው" ብሎ ይመክረዋል። "እሺ አያ አስማረ" ይላል ነጩ። ደሴ ደግሞ "ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀስ እያላችሁ" ብሎ አዘነላቸው። እግዜር ይይለት፣ ያዘነ መስሎት ነው። በአጠገቤ ሲያልፉ ነጩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና "በግራዋው በኩል ያለው በረዶ መታው እንጂ ሥሩ አልሞተም። ያቆጠቁጣል" አለኝ በቀስታ። ምን ያለ ጅል ነው! እንደሱ ያለ ጅል እስካሁን አላየሁም። ጥሩሐረግ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከዚያ ወዲያ ኮረም ታዩ ያለ አለ፣ እንግሊዝ ወሰደው ያለም አለ። ልጁ ይወለድ አይወለድ የሰማ የለም።

ጎመኑ እውነትም አቆጠቆጠ። መሬቷን አስማረ ወሰዳት። ዛሬ መንደሩ በጾም የሚበላው ጥቅል ጎመን በሙሉ ከእነዚያ ከአሥራ ሁለቱ ጉቶዎች እየተቀነጠበ የተተከለ ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩም።

ትናንት ታዲያ አስተማሪው እየጎረሰ "እንዲህ አድርጋችሁ ካኖራችሁት፣ ሰውዬው ለምን ሄደ?" ብሎ ጠየቀ።

"በዓል ሻረብን" አለ አስማረ። "ያን ሁሉ ያደረግንለትን ረስቶ!"

"እጁ ለምለም ነበር፤ ሃይማኖቱ ግን አልጠናለትም" አሉ ባሌ፣ ከጎመኑ እየጠቀለሉ።

ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። "አይደለም እንዴ፣ እትዬ?" አለኝ አስማረ።

"ነው" አልኩ። ጎመን ጨመርኩላቸው።