በጆንያ የተጣራ ፀሐይ

የፕላስቲክ አበባ ካርቶን ሲከፈት ጎማ ጎማ ይሸታል። ቀኑን ሙሉ ሽታውን ስስብ ውዬ ማታ ራሴን ያመኛል። የምሠራበት ሱቅ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ያለ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ውጭ ፀሐይ ይሁን ዝናብ የምናውቀው የገዢውን ልብስ አይተን ነው። በቀደም አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ገብተው አንዱን ሰፋፊ ቅጠል ያለውን እያገላበጡ፣ "ልጄ፣ ይሄ ፀሐይ ነው የሚወደው ጥላ?" ብለው ጠየቁኝ። አብራኝ የምትሸጠው ልጅ ሳቋ አመለጣት። "እማማ፣ ይሄን ጉድጓድ ውስጥ ቢቀብሩትም አይሞትም!" አለቻቸው። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እትዬ ብርቄ ትዝ አሉኝ።

እትዬ ብርቄ ጎረቤታችን ነበሩ። ከአማኑኤል ወደ ገበያው ሲወረድ፣ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ ተነባብሮ ሰማይ በስንጥቅ ብቻ በሚታይበት ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። ሥራቸው የተቀደደ ጆንያ መጥቀም ነው። ነጋዴዎች በኩሊ አሸክመው ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው በወስፌና በሲባጎ ሲጠቅሙ ይውላሉ። ልብሳቸው የቡና ገለባና የገብስ ብናኝ ይሸት ነበር። እኔ ዓይን አፋር ስለነበርኩ ልጆቹ ሲጫወቱ ከጆንያው ክምር ጀርባ እደበቅ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ "ይቺ ልጅ ምላሷን ድመት በላው እንዴ?" ይለኛል። እሳቸው አንድም ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ዝም ብለው ሲባጎ እንዳፍታታ ይሰጡኛል።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሀና የምትባል። ዐረብ አገር ስትሄድ፣ በሠራተኝነት ከነበረችበት ቤት ቅርንጫፏን ቆርጣ ያመጣቻትን አበባ በዱቄት ወተት ጣሳ እንደተከለቻት ትታላቸው ሄደች። አበባ እንላታለን እንጂ አብባ አታውቅም፤ እኛ ሰፈር ቤት ውስጥ የሚተከል ሁሉ አበባ ነው። "እስክመለስ እንዳትሞትብኝ እማዬ" አለቻቸው ሀና እየሳመቻቸው። ልጅቱ ይህን ያለችው ለወጉ ይሆናል። እትዬ ብርቄ ግን በልባቸው ቋጠሩት። አበባዋ ከደረቀች ልጄን ክፉ ያገኛታል ብለው አመኑ።

ቤታቸው መስኮት የለውም። ክረምቱ ሳይወጣ ቅጠሎቹ ገረጡ፣ ግንዱም ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ተንጋደደ። እናቴ አይታ፣ "ፀሐይ አጥታ ነው እትዬ ብርቄ" አለቻቸው።

እሳቸውም ፀሐይ ላጣ ጨቅላ የሚደረገውን አደረጉላት። ለጋ ቅቤ አምጥተው ቅጠል በቅጠል ቀቧት፣ በርጩማ ላይ አድርገው ግቢው መሃል ለጠዋት ፀሐይ አሰጧት። ከዚያ ጠቅመው የጨረሱትን ጆንያ ሊያስረክቡ ወጡና እዚያው ቆዩ። ፀሐዩ ከጣራው በላይ ወጣ፣ ከቆርቆሮው እየነጠረ ግቢውን አነደደው። ሲመለሱ ቅጠሎቹ ጠቋቁረው ተጨማደዋል፣ ግቢውም በተነጠረ ቅቤ ሽታ ታውዷል።

"እትዬ ብርቄ፣ ጎመኑ ደርሷል፤ እንጀራ ላምጣ?" አላቸው ከድር፣ ተከራዩ በያጅ።

ግቢው በሳቅ ሞላ። እሳቸውም አብረው ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ ጣሳዋን አቅፈው ገቡ። ከበሩ ሥር ሆኜ ሳይ፣ በነጠላቸው ጫፍ ቅቤውን ከየቅጠሉ ላይ እየጠረጉ እንባቸው ይወርድ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሀና ደወለች። ከሰላምታው ቀጥላ የጠየቀችው አበባዋን ነው።

"ለምልማለች! ብታዪያት አታውቂያትም" አሏት። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "ዋሸኋት። በይ እንግዲህ፣ እውነት እናድርገው።"

የተቃጠለውን ቆርጠው ጣሉ፣ ጣሳዋን ከደጃፉ ወደ ውስጥ ፈቀቅ አድርገው አስቀመጧት፣ በሩ ላይ ጆንያ እየሰቀሉ መሞከር ጀመሩ። የቡናው ጆንያ ድፍን ስለሆነ ቤቱን አጨለመው። ቀዩ የሽንኩርት መረብ ደግሞ ፀሐዩን እንዳለ አሳለፈው። በመጨረሻ እህል ሲመላለስበት ኖሮ ክሩ የሳሳ፣ ቢሰፋም የማይረባ አንድ አሮጌ ጆንያ አገኙ። ሲሰቅሉት ፀሐዩ እንደ ዱቄት ተነፍቶ ገባ።

"ነይ እስቲ፣ እጅሽን እዚህ ዘርጊ" አሉኝ። የእጄ ጥላ ግድግዳው ላይ አረፈ። "ጣቶችሽ ጥርት ብለው አንድ በአንድ ከታዩ ይፈጃታል። ጨርሶ ጥላ ከሌለው ይርባታል። እንዲህ ደብዘዝ ሲል ነው ልኳ።"

ፀሐዩ ሲበረታ ጆንያውን እጥፍ አድርገው ይሰቅሉታል፣ ሰማዩ ሲዳምን ይገልጡታል። ከሥራቸው መሃል እየተነሱ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ቀን በቀን። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ አዲስ ቅጠል እንደ ጧፍ ተጠቅልሎ ብቅ አለ።

ሀና ዓመታት ቆይታ ተመለሰች። በእጇ አንዲት ፌስታል ብቻ ነበረች። እዚያ ምን እንደደረሰባት አልተናገረችም፣ እሳቸውም አልጠየቋት። አልጋው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለምልማ የጠበቀቻትን አበባ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ሰው ሲገባ ትንቀጠቀጣለች።

ግቢው መከረ። ከድር ቴፕ ላምጣና እናጫውታት አለ። እናቴ ተቆጣች። "ጎትተው ያውጧት እንጂ እትዬ ብርቄ! ሰው ትይ፣ አየር ታግኝ! ጨለማው ነው የባሰባት!"

"አንዴ ጎትቼ አውጥቼ አይቻለሁ" አሉ እትዬ ብርቄ።

እናቴ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። እኔ ገባኝ።

መጀመሪያ አልጋውን ከጥጉ ሳብ አደረጉት። ሰንብተው በርጩማ አበባዋ አጠገብ አኖሩ፣ ነይ ሳይሏት። ጠያቂ ሲመጣ ደጅ ላይ አመስግነው ይመልሱታል። እኔ ስለማላወራ እንድገባ ይፈቅዱልኝ ነበር፤ ሲባጎዬን እያፍታታሁ ከሀና ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ተነስታ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። ደግሞ ተመልሳ ለሳምንት ግድግዳውን ታያለች። ያን ጊዜ እትዬ ብርቄ ወስፌው በእጃቸው እንዳለ ቁጭ ብለው ያንቀላፋሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም ነበር። ሲነቁ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሀና፣ "እማዬ፣ ይሄን ጆንያ ገለጥ አርጊው፤ ታፈንኩ" አለች።

እትዬ ብርቄ ከሥራቸው ተነሱ። ግን ጠርዙን ብቻ ነው የገለጡት። የቀረውን ሀና ራሷ ገለጠችው።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ፈረሰ፣ ሰዉም ተበታተነ። እኔ ትምህርቴን ከአንደኛ ደረጃ አላሳለፍኩትም፣ ሱቅ ገባሁ። ባለፈው ክረምት እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን ሰማሁና ከሥራ አስፈቅጄ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሀና መሃል ቆማ፣ ዓይኗ አብጦ፣ የሚመጣውን ሁሉ በየስሙ እየጠራች ትቀበላለች። እኔ ማንም ሳያየኝ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከሸራው ጥግ ተቀመጥኩ።

አየችኝ። ከእሷ ጎን ያሉት ሴቶች፣ "ማናት? ወደ ፊት ትምጣ እንጂ፣ ጥሪያት" ሲሉ ሰማኋቸው። አልጠራችኝም። ሰዉን እየሰነጠቀች እኔ ጋ መጣች። ትንሽ ራቅ ብላ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።