ሬዲዮው ከቢሮ የወጣበት አንቀጽ

መምህሩ ባለቤቴ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ ተዛውሮ ሲመጣ የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ሬዲዮ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት አገኘው። የሬዲዮ ትምህርት ሰዓት ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ብቻውን ያዳምጣል፤ ተማሪዎቹ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። ባለቤቴ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ ለመላው ትምህርት ቤት የሚሆን መመሪያ ጻፈ። የትኛው ክፍል በየትኛው ሰዓት እንደሚያዳምጥ፣ መምህሩ ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ምን እንደሚያስተምር፣ ባትሪውን ማን እንደሚቀይር ሁሉ አለበት። አንቀጽ አንድ አጭር ነበር፦ «ሬዲዮው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ አይቀመጥም። ቁልፉን መምህራን በየሳምንቱ በተራ ይይዛሉ።»

በስብሰባ ላይ ሲያነበው ርዕሰ መምህሩ አላስጨረሰውም። «ጓድ፣ ሬዲዮ ካስተማረልህ አንተ ጠመኔ ልትበላ ነው?» አለው። መምህራኑ ሳቁ። ባለቤቴ እቤት ገብቶ «ሳቁ እኮ» ብቻ አለኝ። በዚያው ዓመት ጉበቱን ታሞ ሞተ። በሽታውን ርዕሰ መምህሩ እንዳላመጣው አውቃለሁ። ሳቁን ግን ያመጣው እሱ ነው።

ከሐዘኑ በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ያንኑ መመሪያ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ አመጣልኝ። የባለቤቴን ስም ሰርዞ የራሱን ጽፎበታል፤ አንቀጽ አንድን በቀይ እርሳስ አጥፍቶታል።

«አዴ፣ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው፤ ቶሎ ማባዣው ስቴንስል ላይ ምቺልኝ።»

«እሺ፣ ጓድ።»

ስሙን እንደፈለገው መታሁለት። አንቀጽ አንድንም መታሁ። ስሙ ካለበት ቃሉም የእሱ ነው፤ መካድ አይችልም። የተባዛ ወረቀት እንደማያነብ አውቃለሁ። መጨረሻውን ገጽ ይገልጣል፣ ማኅተሙን እፍ ይላል፣ ይመታል። እንደ ልማዱ አደረገ።

ተቆጣጣሪው በመምህራን ፊት ጮክ ብሎ አነበበው።

«ግሩም ነው፣ ጓድ! የዚህ ሳምንት ተረኛ ማን ነው ታዲያ? ቁልፉን ይስጡት እንጂ!»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ቁልፉን በኪሱ ሲፈልግ ቆየ። ከኋላ አንዱ መምህር «ኦቦ፣ ኪስዎ ጥልቅ ነው እንዴ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሰው ሲበተን ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ምን በደልኩሽ?»

«በባሌ ላይ ሰው አሳቅህ» አልኩት። «አንተ» ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ቀልድ እኮ ነበር!»



የቤተ ክርስቲያን እህቶች ይቅር በዪው ይሉኛል። ተቆጣጣሪው በመጣ ማግስት ሬዲዮው ከቢሮው ማዶ ባለው ክፍል ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ወንበሩን ወደ ቢሮው በር አስጠግቶ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ወረቀት ይዤ ሳልፍ በሩን ዘጋሁበት።