በአየር ጤና በኩል ያልፍ የነበረው ደብዳቤ

ሦስት ነበርን። እኔ ኮልፌ፣ ጓደኛዬ ቤቴል ሰፈር፣ መሀላችን ደግሞ አየር ጤና የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የስልክ ቴክኒሻን። ኮምፒውተሮቻችንን በቤት ስልክ መስመር አገናኝተን እንደ ድሮው ዓይነት የመልእክት ሰሌዳ አቋቁመን ነበር፤ የአንዱ ማሽን ለሌላው ጠዋትና ማታ ይደውላል፣ የያዘውን ደብዳቤ ያስረክባል፣ የመጣለትን ይቀበላል። ባለቤቴ «በእጅ ስልክ ባንዴ የሚደርሰውን ግማሽ ቀን ማስጠበቅ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ትለኝ ነበር። ደስ ይለን ነበር፣ በቃ። ሙያውን ያስተማሩን ቴክኒሻኑ፣ ጋሼ፣ ስለነበሩ የሁላችንም ደብዳቤ በእሳቸው ማሽን በኩል ያልፍ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከቤቴል መልስ መምጣት አቆመ። መብራት ጠፍቶበት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ኋላ ስደውልለት አኩርፎ ኖሯል።

«አንተ ነህ እንጂ የዘጋኸኝ!» አለኝ። ከእኔ አንድም ደብዳቤ ስላልደረሰው እሱም መጻፉን ትቶታል።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ያለፈበት ማሽን ሁሉ ግርጌው ላይ ምልክት ይተውበታል። ለጓደኛዬ ከጻፍኳቸው አንዱን ሳየው ምልክቱ ኮልፌ፣ አየር ጤና፣ ኮልፌ፣ አየር ጤና እያለ ገጹን ሞልቶታል። የእኔ ማሽን ወደ ጋሼ ይልካል፣ የጋሼ መልሶ ወደ እኔ። ደብዳቤው ቤቴል ጭራሽ አልሄደም። የራሴን ማሽን የመላኪያ ፋይል መረመርኩ፤ ደህና ነው። ጋሼ ስልክ አላነሳ ስላሉኝ በነጋታው ታክሲ ይዤ አየር ጤና ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ሴት ልጃቸው ናት። ንፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ቤቱ ታፍኗል። ጋሼ ጋቢ ደርበው ማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ስሜን ግን አልጠሩም።

የማን ደብዳቤ በማን በኩል እንደሚሄድ የሚወስነውን ፋይል ከፈትኩት። የቤቴሉ በእኔ በኩል ይሂድ ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የቀየሩት?»

«አዎ። ምነው?»

«እሱ እኮ ቤቴል ነው ያለው። ከእርስዎ ነው የሚቀበለው።»

«ምን ትላለህ አንተ! ወንድምህ አይደል እንዴ? አንድ ቤት አይደል የምትኖሩት?»

ወንድም የለኝም። ዞሬ ልጃቸውን አየኋት፤ አንገቷን ደፋች። ስትሸኘኝ በረንዳው ላይ «አባዬ እኔንም አንዳንዴ በሞተችው አክስቴ ስም ነው የሚጠራኝ» አለችኝ።

ፋይሉን አስተካክዬ ስለነበር ደብዳቤው ሄደ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ጋሼ መልሰው ቀየሩት፤ ደግሜ ሄድኩ፤ ደገሙት። በመጨረሻ ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ተማከርንና የሁለታችን ማሽኖች በቀጥታ እንዲደዋወሉ ወሰንን። ሥራው ቀላል ነበር፤ አንድ መስመር አጥፍቶ ሌላ መጻፍ። ሁለታችንም ግን «አንተ ጻፈው» ተባባልን። መንገዱን ያሳዩንን ሰው ከመንገዱ እያወጣናቸው ነበር።

ለልጃቸው ስነግራት «ማሽኑን ብቻ እንዳትወስዱበት፤ የሚረጋጋው እሱ ፊት ሲቀመጥ ነው» አለች። ስለዚህ የእሳቸውንና የእኔን መስመር አልነካነውም። በየጠዋቱ አንድ ደብዳቤ ይመጣልኛል፦ «ይህ ሙከራ ነው። ደርሶሃል?» «ደርሶኛል ጋሼ» ብዬ እመልሳለሁ። በማግስቱ ያንኑ ይጠይቁኛል። እያደር ቃላቱ ተዛቡ፤ ኋላም ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ሆነ። ለእሱም «ደርሶኛል» እል ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው አልጋ ላይ ነው። ትክ ብለው አዩኝና «የመስመር ሠራተኛ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

«በል ቶሎ ቀጥለው። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ለቅሶው ላይ ከጓደኛዬ ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥን። አንድ ዘመዳቸው ከየት እንደምናውቃቸው ሲጠይቀን «አስተማሪያችን ነበሩ» ከማለት ሌላ አልመጣልንም። ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው ማሽኑን ለቆራሌው ሰጠችው።

እኔና ጓደኛዬ ጥቂት ጊዜ መጻጻፋችንን ቀጠልን። ደብዳቤው ያለ አንዳች ችግር ይደርሳል። የምንጽፈው ግን እያጣን ሄድን፤ አንድ ጠዋት ማሽኔ ወደ ቤቴል ደውሎ የሚያነሳ አጣ። ለምን እንደሆነ ጓደኛዬን አልጠየቅኩትም።