ምርቃት ሞልቶ እንከን የጠፋ ሰሞን

ወልድያ ያስተማረኝ መምህር አንዴ ያለውን የማይለውጥ ድርቅ ያለ ሰው ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ፍሬምወርክ ይዤለት ስሄድ ኮዱን ዞር ብሎ እንኳ አላየልኝም። ፍሬምወርክ ማለት ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ከባዶ እንዳይነሳ ምሰሶና ማገሩ ቀድሞ የቆመለት ቤት ነው፤ ምርጊቱ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

«መጀመሪያ በዚህ አንድ ናሙና ሥሪበትና ሰው ይሞክረው» አለኝ። «ሰው ያገኘበትን እንከን ጽፈሽ በሦስት ሳምንት አምጪልኝ። እንከን ካላመጣሽ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ሰው ያልነካውን ለተማሪዎቼ አላስተምርም።»

ያ ክፍል ውስጥ ሥራዬ ሲሰጥ ማየት እንዴት እንደተመኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ወደ መርሳ ተመልሼ ሁለቱን ሳምንት ናሙናውን ስሠራ ጨረስኩ።

ናሙናዬ የመስኖ ውሃ ተራ ነበር። እኛ ሰፈር አንድ ቦይ የሚጋራ ገበሬ ሁሉ በሳምንት የታወቀ ቀንና ሰዓት አለው፤ ተራውን የሚያስከብሩት ሰፈሩ የመረጣቸው የውሃ አባት ናቸው። እኔ ይህን ስልክ ላይ አወጣሁት። ከሁሉ የኮራሁባት አንዲት ደንብ ነበረች፦ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው ተራው በራሱ ጊዜ ተሰርዞ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ፍሬምወርኬ እንዲህ ያለውን በሁለት መስመር እንደሚጨርስ ለማሳየት ነበር።

ከዚያ እንከን ልመና ወጣሁ። ቴሌግራም ላይ ለባልደረቦቼ ለቀቅኩት፤ «አሪፍ ነው»፣ «በርቺ»፣ አንድ ሙሉ እርሻ የሚሞላ የአውራ ጣት ምልክት። ለጎረቤት አሳየሁ፤ ምርቃት ወረደብኝ። ማሻ አላህ፣ እደጊ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። አንዷ ስልኩን ገልብጣ እንደያዘች ነው የመረቀችኝ። ሰው በምርቃት ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። የእኛ አገር ሰው የጎረቤት ልጅ ሥራ ፊቷ ላይ ከሚነቅፍ ምላሱን ቢነክስ ይመርጣል። አርብ ልሄድ ረቡዕ ደረሰ፤ ደብተሬ ላይ አንድ እንከን አልነበረም።

ያኔ መላ መጣልኝ። የውሃ አባት ከቦዩ አናት ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባባ፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ» አልኳቸው። «የሠራት አንድ የአዲስ አበባ ሰውዬ ነው።»

መነጽራቸውን ሰክተው ስልኩን ተቀበሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ «ይሄ ሰውዬ ቦይ አይቶ ያውቃል?» አሉ።

«ምነው አባባ?»

«ሰዉን በስሙ ፊደል ነዋ የደረደረው። ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄድ፣ ስም አይጠይቅ።» ጣታቸውን አወረዱ። «ደሞ ጠዋት ሰባት ሰዓት ይላል። ጠዋት ሰባት ሰዓት የሚባል የት አገር ነው? እኛ ዘንድ ሰባት ሰዓት ምሳ ተበልቷል።»

እየሳቅኩ ጻፍኩ። የፊደል ተራውንም የፈረንጅ ሰዓቱንም ፍሬምወርኩ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው እኔው ነበርኩ፤ በማንኛውም ሰው ሥራ ላይ ብቅ ማለታቸው አይቀርም ነበር። ቦይ ዳር አድጌ ይህን መሳቴ፣ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼው ነው። ቢሆንም ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ የኮራሁባት ደንብ ላይ ደረሱ። ደጋግመው አነበቧት፤ መነጽራቸውንም አወለቁ።

«ያልመጣ ሰው ተራው ይሰረዝ ነው የሚል?»

«አዎ።»

«ይሄን ሰውዬ አደራ ንገሪልኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቦዩ ሳያነሱ። «አባቱ የሞተ ጊዜ እናቱ ለቅሶ ተቀምጣ፣ ከቤታቸው ውሃ ልቀበል ብሎ እዚህ የመጣ የለም። ተራቸው አልተሰረዘም። ጎረቤት ተቀባብሎ ነው ያጠጣላቸው፤ ከሽንኩርቱ አንድ ሥር አልደረቀም። ልጅ ስለነበረ አላየ ይሆናል በይው።»

አባቴ የሞተ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ዓመት ሽንኩርታችን እንዳማረ አስታውሳለሁ፤ ማን እንዳጠጣው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። እንባዬም መጣ።

«እነግረዋለሁ አባባ» አልኩ።

አርብ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ ወልድያ ገባሁ። መምህሩ ሦስቱን እንከን አንድ በአንድ አነበበ። ሦስተኛው ላይ ቆሞ፣ «ይሄን ያገኘ ምን የተማረ ሰው ነው?» አለኝ። የውሃ አባት ናቸው አልኩት። «አስተካክለሽ አምጪው። ተማሪዎቼን የማስጀምራቸው ከዚህ ነው» አለ።

በሳምንቱ አስተካክዬ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ማንጎው ጥላ ነው። አሁን ስም የሚደረደረው ማሳው በቦዩ ላይ እንዳለበት ቦታ ነው፤ ሰዓቱም የእኛ ሰዓት ነው። ሰው በተራው ካልመጣ ስልኩ ምንም አይሰርዝም፤ ለጎረቤቱ «ዛሬ አልመጣም፣ እባክህ አጠጣለት» ብሎ ይልካል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ሰክተው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«ይሄስ ደግ ነው» አሉ። «ያን ሰውዬ አላህ ይባርከው። እናቱንም ያቆይለት።»

ሳላስበው ሁለት እጄን ዘርግቼ «አሜን» አልኩ።

ሽማግሌው የተዘረጉ እጆቼን አዩና ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ ቦዩ ዞሩ። «ደግ» አሉ፣ «እሱ እስኪመጣ አንቺ ያዥለት።»